የዳዊት ዘውድ የት ሄደ? ስለ ወንድ ቁንጅናና ሥዕል ለጠየቃችሁን

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ ሳትነጋገሩ ባንድ ነገር ላይ ገጥማችኋል፣ የወንድ ቁንጅና በሥዕልና በሐውልት ላይ። ሁሌ የሚወራው ስለ ሴቷ ቁንጅና ነው፣ የወንዱን የሚጠይቅ ብዙም የለም፣ እና እኔ በጣም ደስ ብሎኝ ነው ለመመለስ የተቀመጥኩት። አንዳንዱን ሰፋ አድርጌ አንዳንዱን ባጭሩ እሄድበታለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የቄስ ልጅ ነኝ፣ ያደግኩትም ዳዊት እየደገምኩ ነው። እኛ ቤት ባለው መጽሐፍ ላይ ንጉሡ ዘውድ ደፍቶ ካባ ለብሶ በገና ይደረድራል። ሰሞኑን የልጅ ልጄ ማይክል አንጄሎ የሚባል ጣልያናዊ የቀረጸውን የዳዊት ሐውልት በስልኳ አሳየችኝ፣ ራቁቱን ነው የቆመው። ዘውዱ የት ሄደ? በገናውስ? ይሄንን ሰው ዳዊት ያሰኘው ምኑ ነው? (አንድ አባት፣ ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ አባቴ፣ ዳዊት ያሰኘችው ግራ ትከሻው ላይ ያለችው ወንጭፍ ናት። የልጅ ልጅዎ ሐውልቱን ከጀርባው ብታሳይዎ ወንጭፉ ጀርባውን አቋርጦ ወደ ቀኝ እጁ ሲወርድ ያዩታል።

እርስዎ የሚያውቁት ዳዊት ደግሞ የኛ ብቻ አይደለም። አውሮፓም ውስጥ በመካከለኛው ዘመን በብራና መዝሙረ ዳዊቶች ላይ ሲሳል የኖረው ያው ዘውድ የደፋ በገና የያዘ ንጉሥ ነው። ነገሩ በደንብ የተቀየረው ጣልያን አገር፣ ፍሎረንስ ላይ ነው። ፍሎረንስ በ1400ዎቹ ንጉሥ የሌላት፣ ቢያንስ በስም ሪፐብሊክ የሆነች ከተማ ነበረች፣ ዙሪያዋን ደግሞ ጉልበተኞች አሉ፣ በላይ ሚላን፣ በታች የናፖሊ ንጉሥ፣ መሀል ላይ ሮም ያሉት ፖፕ። እንዲህ ላለች ከተማ ዘውድ የደፋው ሽማግሌ ምን ያደርግላታል? እሷ የምትፈልገው እረኛውን ልጅ ነው፣ ጎልያድን የጣለውን። መጽሐፉም ቢሆን እኮ ሳሙኤል ሊቀባው ሲመጣ ዳዊት ዓይኑ የተዋበ መልኩ ያማረ ልጅ እንደነበረ ይነግረናል፣ የሳኦልን ጥሩር ለብሶ መሄድ አቅቶት አውልቆ እንደጣለውም ይነግረናል።

ዶናቴሎ የሚባል ቀራጺ በ1440 አካባቢ በነሐስ የሠራው ዳዊት አለ፣ አሁን እዛው ፍሎረንስ ባርጄሎ ሙዚየም ውስጥ ነው። ቁመቱ 158 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ያንድ ታዳጊ ልጅ ቁመት ማለት ነው። ጡንቻ የሚባል ነገር የለውም። ክንዱ ቀጭን፣ ሆዱ ለስላሳ፣ ጸጉሩ ትከሻው ላይ የወረደ፣ ዙሪያውን ቅጠል የተጠመጠመበት ባርኔጣ ያደረገ፣ ቦት ጫማ የተጫማ፣ አንድ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ የጎልያድን ራስ ረግጦ የቆመ ልጅ ነው። ለዛ ዘመን ቆንጆ ወንድ ማለት ይሄ ገና ጺም ያላበቀለው ልጅ ነበር። ደሞ መልእክቱም እዛው ነው፣ ይሄ ክንድ ጎልያድን ጥሏል ከተባለ የጣለው ክንዱ እንዳልሆነ ያስታውቃል፣ እግዜር ነው።

ማይክል አንጄሎ ሥራውን በ1501 ሲጀምር 26 ዓመቱ ነበር። የተሰጠው እብነ በረድ ሌላ ቀራጺ ጀምሮ የተወው፣ ወደ 40 ዓመት ገደማ ደጅ ተጋድሞ ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቅበት የኖረ ድንጋይ ነው። ከተማው ደግሞ ሌላ መንፈስ ላይ ነው፣ ሜዲቺ የሚባሉት ባለጸጎች በ1494 ተባረዋል፣ ሪፐብሊኩ ራሱን ለማቆም እየታገለ ነው። እና በ1504 ያለቀው ዳዊት 5 ሜትር ከ17 ሆኖ ወጣ። መጀመሪያ የታሰበው ለካቴድራሉ ነበር፣ ከፍ ብሎ ከላይ እንዲቀመጥ፣ ሲያልቅ ግን እነ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺና ቦቲቼሊ ያሉበት ስብሰባ ተጠርቶ የት እናቁመው ተባለና መጨረሻ ላይ የከተማው መስተዳድር በር ላይ ቆመ። ወደ አደባባዩ በሚጓጓዝበት ሰሞን ሌሊት መጥተው ድንጋይ የወረወሩበት ወጣቶች ነበሩ፣ ኀፍረቱንም ለመሸፈን በወርቅ የተለበጠ የቅጠል ጉንጉን አስረውለት ነበር፣ ስለዚህ የተረበሹት እርስዎ ብቻ አይደሉም።

አሁን እባክዎ ቀኝ እጁን ያስተውሉልኝ። ከሰውነቱ ጋር ሲያስተያዩት ትልቅ ነው፣ የእጁ ደም ሥር ተገትሯል፣ ጣቶቹ ወደ ውስጥ ታጥፈው ጠጠሩን ይዘዋል። ከዛ ወደ ፊቱ ይሂዱ፣ ግንባሩ ተቋጥሯል፣ ዓይኑ በግራው በኩል ሩቅ ያያል። የጎልያድ ራስ የትም የለም፣ ምክንያቱም ገና አልተጋጠሙም። ዶናቴሎ ድሉ ካለቀ በኋላ ያለውን ነው ያሳየን፣ ማይክል አንጄሎ ግን ልጁ ጠጠሩን ይዞ ጠላቱን የሚመዝንበትን ደቂቃ ነው የያዘው። እግሩን ብቻ ብታዩት ዘና ያለ ሰው ነው፣ እጁና ግንባሩ ግን አላረፉም። ለኔ የዚህ ሐውልት ውበት እዚህ ነው ያለው፣ ደረቱ ላይ አይደለም።

ዳዊትን መሥራት ከዛም በኋላ አላቆመም። ቤርኒኒ የሚባል ቀራጺ በ1623 እና 24 የሠራው ዳዊት ሮም ቦርጌዜ ጋለሪ ውስጥ አለ፣ ሰውነቱን እንደ ገመድ ጠምዝዞ ሊወረውር ነው፣ ከንፈሩን ነክሷል፣ ፊቱ ተጨማዷል፣ ቆንጆ ልሁን ብሎ የቆመ ሰው አይደለም። ሠዓሊው ካራቫጆ ደሞ በሕይወቱ መጨረሻ አካባቢ የጎልያድን ራስ ይዞ በሐዘን የሚያይ ልጅ ሳለ፣ የጎልያድ ፊት የራሱ የካራቫጆ ፊት ነው። ለንደን ቪክቶሪያ ኤንድ አልበርት ሙዚየም ውስጥ የማይክል አንጄሎው ዳዊት ሙሉ የጀሶ ኮፒ አለ፣ በ1857 ለንግሥት ቪክቶሪያ የተላከ ነው፣ እና የንጉሣውያን ቤተሰብ ሴቶች ሊጎበኙ ሲመጡ የሚሰቀልለት ግማሽ ሜትር የሚያክል የበለስ ቅጠል ተሠርቶለት ነበር፣ ቅጠሉ እስከዛሬ እዛው ሙዚየም ይታያል።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ሥራ ሲያዩ እኔ ሁሌ የምጠይቀውን ይጠይቁ፣ ያሠራው ማነው? ምን ዓይነት ወንድ ነበር የፈለገው? ፍሎረንስ ንጉሥ አልፈለገችም፣ ዘውዱን አወለቀችው። የኛ ነገሥታት ደግሞ ከሰሎሞን፣ በሰሎሞን በኩል ከዳዊት እንወለዳለን ብለው የነገሡ ናቸው፣ እዚህ አገር ዳዊት ያለ ዘውድ እንዴት ይሳላል?

ጥያቄ፦ አርት እወዳለሁ፣ ኮሌጅ ነኝ። የግሪክ ሐውልቶች ላይ ወንዶቹ ሁሉ ነጭ፣ ሁሉም ወጣት፣ ሁሉም ሲክስ ፓክ ያላቸው ለምንድነው? ሽማግሌና ወፍራም ሰው አልነበራቸውም እንዴ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ነጭ የሚለውን መጀመሪያ ላስተካክልልህ። ነጭ አልነበሩም። ሐውልቶቹ ቀለም ይቀቡ ነበር፣ ጸጉር፣ ዓይን፣ ከንፈር፣ ልብስ ሁሉ፣ ዘመን ሲያጥባቸው ነው እንዲህ የሆኑት፣ የቀለሙ ርዝራዥ አሁንም በአንዳንዶቹ ላይ ይገኛል። ቪንክልማን የሚባለው ጀርመናዊ በ1764 ስለ ጥንት አርት ታሪክ ትልቅ መጽሐፍ ሲያወጣ ነጩን እብነ በረድ አይቶ ነው ያደነቀው፣ ከሱ ጋር አውሮፓ በሙሉ ነጩን ወደደ። ግሪኮቹ ራሳቸው ግን ሸክላ ላይ ሲስሉ፣ በተለይ በጥንቱ ስታይል፣ ሴቷን ነጭ ወንዱን ጥቁር ነው የሚያደርጉት። ግብጾችም ወንዱን ቀይ ቡናማ ሴቷን ፈካ ያለች አድርገው ይስላሉ። ወንድ ማለት ፀሐይ ላይ የሚውል ነው፣ ሴት ቤት ናት፣ አስተሳሰባቸው ይሄ ነበር።

ደግሞ አንድ ዓይነት አይደሉም፣ ከ300 ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ብቻ ስንቴ እንደተቀየሩ ብታይ ትገረማለህ። መጀመሪያ ኩሮስ የሚባሉት የራቁት ወጣት ወንድ ሐውልቶች አሉ፣ አንዱ ኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ያለው ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 590 አካባቢ የተሠራ ነው። ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ እጁ ከጎኑ ተጣብቋል፣ ግራ እግሩ ትንሽ ወደፊት ነው፣ ይሄን አቋቋም ከግብጽ ነው የወሰዱት። ሀብታም ቤተሰቦች በመቃብርና በቤተ መቅደስ ያቆሟቸው ነበር። አቴንስ ካሉት አንዱ፣ ወደ 530 ቅድመ ልደት የሚጠጋው፣ ክሮይሶስ ለሚባል ወጣት መታሰቢያ ነው፣ የቆመበት ድንጋይ ላይ መንገደኛውን ቆም ብለህ አልቅስለት፣ ከፊት ሆኖ ሲዋጋ ነው የሞተው የሚል ጽሑፍ አለ። አየህ ያ ጡንቻ ለፎቶ አይደለም። የከተማው ዜጋ ራሱ ወታደር ነው፣ ራቁቱን ስፖርት ይሠራል፣ ጋሻና ጦር ይዞ መስመር ላይ ይቆማል፣ ሰውነቱ የከተማው ንብረት ነው ማለት ይቻላል። ያሠራው ማነው ካልክ የሟች ወታደር ቤተሰብ ነው።

ከዛ ወደ 480 ገደማ አንድ ትልቅ ነገር ሆነ፣ አቴንስ አክሮፖሊስ ሙዚየም ያለው የክሪቲዮስ ልጅ የሚባለው ሐውልት ክብደቱን ባንድ እግሩ ላይ ጣለ። ይሄው ነው፣ ሌላ ምንም አላደረገም። ግን ባንድ እግር ስትቆም ዳሌህ ይዘነበላል፣ ወገብህ ትንሽ ይታጠፋል፣ አንገትህ ይዞራል፣ ድንጋዩ እስትንፋስ ያገኘ መሰለ። ፖሊክሌይቶስ የሚባል ቀራጺ ወደ 440 ላይ ይሄን ወስዶ ሕግ አወጣለት፣ የትኛው አካል ከየትኛው ጋር ስንት እጅ እንደሚሆን ጽፎ ጦር የያዘውን ሰው ሠራበት። ዋናው ነሐስ ጠፍቷል፣ ናፖሊ ያለው ከፖምፔ የተገኘ የሮማውያን ኮፒ ነው። እብነ በረዱ በሁለት ቀጭን እግር ሊቆም ስለማይችል ሮማውያኑ ከእግሩ ጎን የዛፍ ግንድ ጨመሩበት፣ ቀጥሎ ሐውልት ስታይ ግንዱን ፈልገው፣ ኮፒ መሆኑን ብዙ ጊዜ እሱ ይነግርሃል። ከዛ ደግሞ ፕራክሲቴሌስ የሚባል ቀራጺ መጣና ወንዱን አለሰለሰው፣ ሊሲፖስ የሚባል ሌላው ቀጠለና ጭንቅላቱን አሳንሶ ሰውነቱን አቅጥኖ ረጅም አስመሰለው።

ሽማግሌና ወፍራም ነበራቸው፣ ፈላስፎቹን ራሰ በራና ጺማም አድርገው ይሠሩ ነበር፣ ሶቅራጥስ አፍንጫው ደፍጣጣ ሆዱ ገፋ ያለ ነው። ራቁቱን ያቆሙት ግን የሚመኙትን ነው።

ጥያቄ፦ የፈረንሳዩ ሉዊ 14ኛ ሥዕል ላይ ንጉሡ ሂል ጫማ አድርጎ እግሩን ያሳያል። የወንድ ነው? (ከአዳማ)

መልስ፦ የወንድ ነው፣ ያውም የወንድ ቁንጮ። ሪጎ በ1701 የሳለው ነው፣ ሉቭር ውስጥ አለ። ንጉሡ ያኔ ከ60 ዓመት አልፎታል፣ ካባውን በትከሻው ወደ ኋላ መልሶ በነጭ ስቶኪንግ የተወጠረ እግሩን ያሳያል፣ የጫማው ተረከዝ ቀይ ነው፣ ከላይ ደሞ የተቆለለ ዊግ። በወጣትነቱ ዳንሰኛ ነበር፣ በእግሩ ይኮራል። ባለ ተረከዝ ጫማ ራሱ ወደ አውሮፓ የመጣው ከፋርስ ፈረሰኞች ነው፣ እርካብ ላይ እግር እንዳይንሸራተት። ቀዩን ተረከዝ ማድረግ የቤተ መንግሥት ሰዎች መብት ነበር። ከፈረንሳይ አብዮት በኋላ ወንዱ ቀለሙንም ዊጉንም ተረከዙንም ለሴቷ ትቶ ጥቁር ሱፍ ለበሰ፣ እስካሁን አላወለቀውም።

ጥያቄ፦ 23 ዓመቴ ነው፣ ጂም እሠራለሁ። ኢንስታግራም ላይ የማያቸውን ሳይ የኔ ሰውነት ምንም አይመስለኝም። ጓደኛዬ ይሄ ከጥንት ጀምሮ ያለ ነው፣ ሄርኩለስን አታየውም ይለኛል። እውነቱን ነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ጓደኛህ ግማሹን ነው የነገረህ ወንድሜ። ሄርኩለስ የግሪኮች ተረት ጉልበተኛ ጀግና ነው፣ ጓደኛህ ያለው ፋርኔዜ ሄርኩለስ የሚባለውን ሐውልቱን መሰለኝ፣ በ1546 ሮም ውስጥ ከካራካላ መታጠቢያ ቤት ፍርስራሽ የወጣው፣ አሁን ናፖሊ ያለው ከ3 ሜትር የሚበልጥ ሐውልት። አዎ ጡንቻው ተራራ ነው። ግን ሰውየው ደክሞታል። ዱላውን ብብቱ ሥር አድርጎ ሙሉ ክብደቱን ጥሎበታል፣ አንገቱን ደፍቷል። ወደ ኋላው ዞረህ ብታይ ቀኝ እጁን ጀርባው ላይ አድርጎ የያዛቸው ፖሞች አሉ፣ ተረቱ ላይ እንዲሠራ ከታዘዛቸው ከባድ ሥራዎች መጨረሻ አካባቢ ያመጣቸው። ቀራጺው ያንን ሁሉ ጡንቻ የሠራው ምን ያህል እንደለፋ ሊነግረን ነው።

ከሐውልት ወደ ጂም ያሻገረው ሰው ደግሞ ዩጂን ሳንዶው ይባላል፣ በ1867 የተወለደ። መድረክ ላይ እንደ ፋርኔዜ ሄርኩለስ ፖዝ እያደረገ ፎቶ እየተነሳ ታዋቂ ሆነ፣ በ1901 ለንደን ሮያል አልበርት ሆል ውስጥ ትልቅ የሰውነት ግንባታ ውድድር አዘጋጀ፣ ከዳኞቹ አንዱ ቀራጺ ነበር። ዛሬ ሚስተር ኦሎምፒያ የሚባለውን የሰውነት ግንባታ ውድድር ለሚያሸንፈው የሚሰጠው ዋንጫ የሳንዶው ምስል ነው። ስለዚህ ከድንጋይ ወደ ሰው የሄደ ነገር ነው፣ ሰው ድንጋዩን ለመምሰል ነው የጀመረው።

አንተ ስልክህ ላይ የምታየው ሰውነት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ያንድ ቀን ሰውነት ነው። ለውድድር የሚወጡት ከመድረኩ በፊት ውሃ ይቀንሳሉ፣ ከፎቶው በፊት ብረት አንስተው ጡንቻውን ያሳብጣሉ፣ ቅባት ይቀባሉ፣ መብራቱ ከጎን ይመጣል፣ ፊልተሩም አለ። ስቴሮይድ የሚወስደው ደግሞ አይነግርህም። በነጋታው ራሱ ሰውዬው እንደዛ አይደለም። በጂም ግፋበት፣ ጤና ነው፣ ግን መስተዋት ፊት ሰዓታት የሚያስቆምህ፣ ሸሚዝ ማውለቅ የሚያሳፍርህ፣ ምግብ የሚያስፈራህ ከሆነ ይሄ ሐኪሞች የሚያውቁት ችግር ነው፣ ስም አለው፣ ሕክምናም አለው፣ ከልቤ ነው የምነግርህ ሄደህ አማክር። ማንም ደግሞ መርፌ ሊሰጥህ ቢል እንዳትቀበል።

ጥያቄ፦ ሁሌ ግሪክ ጣልያን ይባላል። በኛ ሥዕልስ ቆንጆ ወንድ የሚባል የለም? የተወለድኩት እዚሁ አሜሪካ ነው፣ ልጆቼን ምን እንደማሳያቸው አላውቅም። (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ እህቴ፣ አለ እንጂ! ግን ጡንቻ እየፈለግሽ ከሄድሽ አታገኚውም፣ ዓይን ነው መፈለግ ያለብሽ። በኛ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ሰው ፊት ለፊት ነው የሚታየው፣ ሁለት ትልልቅ ክፍት ዓይኖች ይዞ ቀጥ ብሎ ያይሻል። ክፉው ደግሞ በጎኑ ነው የሚሳለው፣ አንድ ዓይን ብቻ። ይሄ ልማድ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ የአድዋ ሥዕሎች ላይ ሁሉ ገብቷል፣ የኛ ሰው በሁለት ዓይን፣ ጣልያኑ በአንድ፣ ከላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ። ጊዮርጊስን ራሱን እዪው፣ ጺም የሌለው ወጣት፣ ልብሱ ያጌጠ፣ ዘንዶውን እየወጋ ፊቱ ላይ ቁጣ የለም።

አካልን በተመለከተ ግን የኛ ሠዓሊዎች ከግሪኮቹ ፍጹም የተለየ መንገድ ነው የሄዱት፣ እኔን በጣም የሚነካኝም ይሄ ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖትን አስቢያቸው። ባንድ እግራቸው ነው የሚቆሙት፣ ብዙ ዘመን በጸሎት ከመቆም የተነሳ አንዱ እግራቸው ተሰብሮ አጠገባቸው ይሳላል፣ በምትኩ ክንፍ አላቸው። ግሪኩ ባንድ እግሩ የቆመው ሰውነቱ የሞላለት መሆኑን ሊያሳይ ነው፣ የኛ አባት ባንድ እግራቸው የቆሙት ሰውነታቸውን ጨርሰው ስለሰጡ ነው። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ደግሞ ሰውነታቸውን በሙሉ ጸጉር የሸፈነው፣ በግራና በቀኛቸው አንበሳና ነብር ያሉ አባት ናቸው። ያሠራው ማነው ብለሽ ብትጠይቂ፣ ገዳም ነው፣ ደብር ነው፣ ስዕለት የደረሰለት ሰው ነው። እነሱ ከወንድ የፈለጉት የሚጾምና የሚቆም ሰው ነው።

ቤተ መንግሥቱ ሲገባበት ደግሞ ሌላ ነው። በ1700ዎቹ በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን የጎንደር ሠዓሊዎች ፊትን በጥላ ማለስለስ፣ ባለ አበባ ጨርቅ ማልበስ ጀመሩ፣ ጣና ላይ ናርጋ ሥላሴ ይታያል፣ ወጣቶቹ ቅዱሳን የመኳንንት ልጅ መሰሉ። ጀግናው ደግሞ በጸጉሩ ነው የሚታወቀው፣ አጼ ቴዎድሮስን ያለ ሹሩባ ማን ያውቃቸዋል? የአንበሳ ጎፈር ያደረገ ፈረሰኛ ሲሳል ደረቱ አይታይም፣ ግርማው ግን ከሩቅ ይታያል።

ለልጆችሽ ደግሞ እዛው ቅርብሽ ነው ያለው፣ ባልቲሞር ዋልተርስ የሚባለው የአርት ሙዚየም ከኢትዮጵያ ውጭ ካሉት ትልልቅ የኢትዮጵያ አርት ስብስቦች አንዱ አለው፣ መግቢያውም ነጻ ነው። እዛው ቤት የግሪክና የሮም ሐውልትም ስላለ ባንድ ቀን ሁለቱን አስተያይታችሁ ትመጣላችሁ። ልጆቹ መጀመሪያ የቱን ቆንጆ እንዳሉ ጻፊልኝ እሺ፣ በሚቀጥለው እትም አወጣዋለሁ።